የወረቀቱ ራስጌ

ኪጋሊ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለመሪጌታ ወልደኪዳን
ጥድ አፋፍ ሚካኤል፣ አንኮበር

ጋሼ፣ የጥር ውርጭ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ከማኅሌት ያቆምዎታል ወይስ መቋሚያው ብቻ ነው የሚሸከምዎ? እኔ የእህትዎ ልጅ የእናንተ ነገር ሆዴን ከመብላቱ በቀር የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ አልተለየኝም። እዚህ ኪጋሊ ያው የውኃ ቧንቧ ንድፍ እየሠራሁ ነው። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ አንዳንድ ቀን ሰፈራችንን ይመስለኛል፤ ጭጋጉ ብቻ ነው የጎደለው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለቁም ነገር ነው። እናቴ ካረፈች ግንቦት ሲመጣ ዓመት ይሞላታል። ለቀብሯ አልደረስኩም፤ ለተዝካሯም እንደዚሁ። ስለዚህ በስሟ ለደብሩ የሰንበቴ ቤት ላሠራ ተስያለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴተኛው ዳቦና ጠላውን ይዞ ከነዝናቡ ሲቆም፣ እሷም ነጠላዋን በመሶቡ ላይ ስትዘረጋ እያየሁ ያደግኩበት ነገር ነው። ጣራ ያለው ቤት ይኑራቸው።

ንድፉን በኢንተርኔት እንዳልልክ ኔትወርክ የላችሁም። ስለዚህ በቁጥር ልኬዋለሁ። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ፈልጉና አንድ አግድም፣ አንድ ቋሚ መስመር አስምሩ። ሁለቱ የሚቋረጡበት ዜሮ ነው፤ እሱም የደወሉ እንጨት ሥር ነው። አንዱ ካሬ አንድ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ነጥብ የመጀመሪያው ቁጥር ከዜሮ ወደ ቀኝ ይቆጠራል፣ ሁለተኛው ወደ ላይ። የመቀነስ ምልክት ያለበት ከሆነ ወደ ግራ ወይም ወደ ታች ነው። የቤቱ አራት ማዕዘኖች እነዚህ ናቸው፦ (6፣ 4)፣ (18፣ 4)፣ (18፣ 12)፣ (6፣ 12)። በማስመሪያ አገናኟቸው። እናቴን (-9፣ 4) ላይ በመስቀል ምልክት አስቀምጫታለሁ፤ ከእሷ እንድትርቁ ብዬ ነው።

ግቢውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው ቦታው የቱ ነው ብላችሁ አትጨነቁ፤ ነጥቦቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በሁለት ነጥብ መካከል የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እንሳሳት ብትሉ እንኳ አትችሉም።

ጉልበትዎን ስሜአለሁ።
ምህረቱ


ጥድ አፋፍ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምህረቱ

በሄድክበት ሁሉ ሞገስ ይቅደምህ፤ ከክፉ ሰው ዓይንና ከክፉ አለቃ አፍ ይጠብቅህ። እኛ ጾሙን በደኅና ይዘናል። ደብዳቤህ ደብረ ብርሃን የአክስትህ ልጅ ሰናይት ዘንድ ከርሞ፣ መንገዱ ሲከፈት በጭነት መኪና መጣልኝ።

ቁጥሩን ለሞላልኝ ሰጠሁት። እዚህ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምረው ነው። ከተማሪ ደብተር ካሬ ወረቀት ቀድዶ እንዳልከው ሁለቱን መስመር አሰመረ፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አስቀመጠ፣ በማስመሪያ አገናኘ። ቤቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ። ያምራል። መስቀሉንም አየሁት። ስለ እሱ የምለው ነበረኝ፤ ይቅር።

ቦታውን ከዚያ ሆነህ አንተው ከወሰንከው እኛ ምን እንላለን? የተማረ ነህ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ መሠረቱ ይቆፈራል። ለድንጋይ ጠራቢዎቹና ለሲሚንቶ የሚሆነውን በሰናይት በኩል አድርግ።

አጎትህ
መሪጌታ ወልደኪዳን


ኪጋሊ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደኪዳን

ጤናዎትን አምላክ አያጓድልብኝ። ደብሩ፣ ካህናቱ፣ ሰንበቴተኛው ሁሉ ሰላም ይሆኑ ዘንድ ምኞቴ ነው።

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ከፍቶኛል። ገንዘቡ ለሰናይት ከደረሰ ሰነበተ፤ እሷም በሰው ለእርስዎ አድርሻለሁ ብላኛለች። የእናቴ ዓመት አለፈ። መሠረቱ ተቆፍሮ ይሁን፣ ድንጋይ ተቀምጦ ይሁን የማውቀው ነገር የለም። ስልክዎ አይሠራም። ሰናይት ወደ ደብረ ሲና ለሥራ ስለምትመላለስ አንኮበር አልወጣችም። እዚህ ከኔ በታች ያሉ ሠራተኞች እንኳ ማታ ማታ የሠሩትን ያሳውቁኛል። አንድ ፎቶ አስነስቶ መላክ ይህን ያህል ያቅታል?

እናቴ ከአባቴ ጎን ሆና ቤቱን እያየችው ነው እያልኩ እጽናናለሁ። እባክዎ አንድ ቃል ይላኩልኝ።

ምህረቱ


ጥድ አፋፍ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምህረቱ

እግዚአብሔር በምሕረቱ ይይህ፤ እኛንም ይየን።

ክረምቱ ዘንድሮ ከበረዶ ጋር ነው የመጣው። የቤቱ ሥራ ቆሟል። የሲሚንቶውን ነገር ለጊዜው ተወው። ከቻልክ ለአቡጀዲና ለአንድ ደኅና ሰሌን የሚሆን በቶሎ ላክ። ፍልሰታ ሳይፈታ ቢደርስ ደስ ይለኛል። ለማን ነው ብለህ አትጠይቀኝ። ልጅ ነህና ያንተ ድርሻ ነው ብዬ ነው የጠየቅኩህ እንጂ አቡጀዲ መግዣ አጥቼ አይደለም።

ፎቶ ያልከውን ሌላ ጊዜ።

ወልደኪዳን


ኪጋሊ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ወልደኪዳን

ሰላምታ አላበዛም፤ ከአፌ አይወጣልኝም።

ለአቡጀዲና ለሰሌን የጠየቁኝን ልኬ፣ ከጎረቤት ሰው ቢሞት ነው፣ ደግ ሥራ ሊያሠሩኝ ነው ብዬ መርቄዎት ነበር። ሰናይት ናት የነገረችኝ። ለፍልሰታ ልትሳለም ወጥታ በዓይኗ አይታ መጣች፤ ስልክ ላይ እያለቀሰች ነው ያወራችኝ። የሰንበቴው ቤት መሠረት በእናቴ ራስጌ በኩል ተቆፍሮ፣ ዝናቡ ሲበዛ የጉድጓዱ ግድግዳ ተደረመሰና መቃብሯ ተከፈተ አለችኝ። ሰሌን እስኪገኝ ድረስ ላስቲክ አልብሳችሁ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጭናችሁ አሳደራችኋት አለችኝ። ልጇ፣ እናቱ መሆኗን እንኳ ሳያውቅ ከፈናት።

ጋሼ፣ ምን አድርጌ ነው? ይህን ለማን ልንገር? ቤቱን በስሟ አሠራለሁ ብዬ የቆጡን ሳወርድ የብብቴን አስጣላችሁኝ። ነጥቦቼ ሜዳው ላይ ናቸው። ከደወሉ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ መቃብር የሌለበት፣ ሣሩ የተኛበት ሜዳ ላይ! እሷ ደግሞ ከአባቴ ጎን፣ ከደወሉ ወደ ምዕራብ ናት። ሁለቱ የሚገናኙ አይደሉም። እንዴት አድርጋችሁ አገናኛችኋቸው? ከመቃብር አጠገብ ቆፍሩ ብሎ ያዘዘስ ማን ነው? ይህን ሁሉ ካህን ይዞ የቆመ ደብር አንድ ሰው "ተዉ" የሚል አጣ?

በልጅነቴ ብዙ ሳወራ "ዝምታ ወርቅ ነው" እያሉ ይቆጡኝ ነበር። የእርስዎ ዝምታ እናቴን ሁለት ጊዜ አስቀበራት። ወርቅዎን ይዘው ይቀመጡ።

መልስ እፈልጋለሁ።
ምህረቱ


ጥድ አፋፍ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምህረቱ

ለቀባሪው አረዱት አሉ። የእህቴ የአማረች መቃብር ተከፈተ ብለህ ለኔ ትጽፋለህ? ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ በነዚህ እጆቼ የሰበሰብኳት እኔ ነኝ። አንተ ኪጋሊ ወንበር ላይ ነበርክ።

ማን አዘዘ አልክ። አንተ አዘዝክ። ነጥቡ ያንተ፣ ቁጥሩ ያንተ፣ መስመሩ ያንተ። ሞላልኝ አንዲት ካሬ አላዛነፈም፤ ደግሜ ደጋግሜ አስቆጥሬዋለሁ። ወረቀቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ደወሉ ሥር አስቀመጥነውና ችካል ልንተክል ተነሣን። ያኔ ሞላልኝ፣ "መሪጌታ፣ ራስጌው ወዴት ይሁን?" ብሎ ጠየቀኝ።

ወዴት ይሆናል! ስንጸልይ ፊታችን ወዴት ነው? መቅደሱ ወዴት ነው? ሙት እንኳ ስናስተኛ በትንሣኤ ቀና ሲል ምሥራቅን እንዲያይ አድርገን አይደለም? እና ያንተ ወረቀት ብቻ ተለይቶ ወዴት ሊያይ ነው? "ራሱን ወደ ምሥራቅ አድርገው" አልኩት። ቄሶቹም ነበሩ፣ ግንበኛውም ነበረ፤ አንድም ሰው "ለምን?" አላለም፤ የሚባልም አይደለም። አንተ "ወደ ላይ" ብለህ ጻፍክ እንጂ ሰሜን የሚል ቃል ደብዳቤህ ውስጥ የለም። መልሰህ አንብበው፤ ይዤዋለሁ፣ ከፈለግህ እልክልሃለሁ።

ችካሉ ተተከለ፣ ሲባጎው ተወጠረ። ቤቱ ሜዳውን ትቶ መቃብሩ ጥግ ላይ አረፈ። ግንበኛው ወገኔ መጥቶ፣ "መሪጌታ፣ ይኼ መስመር በእመት አማረች ራስጌ ነው የሚያልፈው" አለኝ። አዎ፣ ነግሮኛል። አየሁት። ከራስጌዋ እርምጃ የማይሞላ ነበር፤ አይነካትም አልኩ። "ልጇ ነው ያሰመረው፣ ቆፍር" አልኩት።

ለምን እንዲያ አልክ ትለኛለህ። እነግርሃለሁ። መስቀልህን አይቼው ነበር። እናቴ እዚህ ናት ብለህ ያስቀመጥካት ነጥብ፣ እኛ ወረቀቱን እንደዘረጋነው፣ የት እንደወደቀ ታውቃለህ? ሜዳው ላይ። ሰንበቴተኛው አህያ የሚያስርበት ቦታ። አየሁና ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ይኼ ልጅ እናቱን አህያ መካከል አስቀመጣት አልኩ። ለምን? የት እንደተቀበረች ስለማያውቅ! ለቀብሯ ገንዘብ ላክህ፣ ለተዝካሯ ገንዘብ ላክህ። ስንት ካህን መጣ ብለህ ጠይቀሃል፣ ስንት በግ ታረደ ብለህ ጠይቀሃል። "እናቴን የት አስተኛችኋት?" ብለህ ግን አንድ ቀን ከአፍህ አልወጣም። ግቢውን አውቀዋለሁ አልክ፤ እሷን የት እንዳለች አታውቅም።

ስለዚህ ዝም አልኩ። ይምጣ፣ ሜዳው ላይ ቆሞ ያልቅስ፣ ያኔ "ተነሥ፣ እናትህ እዚህ አይደለችም" እለዋለሁ፣ ያኔ ያፍራል ብዬ ነው። ልነግርህ እችል ነበር። በንዴት ነው ያልነገርኩህ። በረዶው መጥቶ ጉድጓዱን ይንደዋል ብዬ አላሰብኩም። ይኸው፤ የጠየቅከኝ ይኼ ነው።

ጅብ ከሄደ በኋላ አትጩኽብኝ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ ባለቤቷ አንተ ነበርክ።

ወልደኪዳን


ኪጋሊ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደኪዳን

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት።

ካሬ ወረቀት አወጣሁና ነጥቦቼን እንደገና አስቀመጥኩ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እንደ እርስዎ ራሱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት። ሁለተኛው ቁጥር አሥራ ሁለት የሆነባቸውን ሁለት ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር፣ እኔ የሰሜን ግድግዳ ብዬ ያሰመርኩት፣ ዞሮ የምሥራቅ ግድግዳ ሆነ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ሄዶ ሄዶ እናቴ ራስጌ ላይ። በሥራዬ ዓመታት ስንት ወረቀት አሰምሬአለሁ፤ ሰው ንድፍን ራሱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይዘረጋል የሚል ሐሳብ አንድ ቀን አልመጣብኝም። የኛ መሥሪያ ቤት ንድፍ ሁሉ ራስጌው ሰሜን ነው። ያን አለመጻፌ የኔ ጥፋት ነው። እሺ። በዚህ ይፍረዱብኝ።

የእርስዎን ግን አልውጠውም። አዩ! በዓይንዎ አዩ! ግንበኛው እየነገረዎት፣ መስቀሌ ያለቦታው ወድቆ እያዩት፣ እኔን ለማሳፈር ብለው የእህትዎን ራስጌ አስቆፈሩ። "የት አስተኛችኋት?" ብዬ ያልጠየቅኩት ስላልገደደኝ መሰለዎት? ከአባቴ ጎን ናት ብዬ ነው! ሚስት ከባሏ ጎን ካልሆነ የት ትተኛለች? ይህ ይጠየቃል? በሰኔው ደብዳቤዬ እኮ "ከአባቴ ጎን ሆና" ብዬ ጽፌልዎ ነበር፤ አንብበው አለፉኝ። አሁን እኔ ልጠይቅዎ፤ ከአባቴ ጎን የከለከላት ማን ነው?

ለምን አልመጣህም ነው ነገሩ፤ ይገባኛል። በሰው ፊት አይሉኝም እንጂ በየደብዳቤው ሥር አለች። የመኖሪያ ፈቃዴ አልታደሰም ነበር። ብወጣ አልመለስም። ሥራዬን አጥቼ ብመጣ ኖሮ የተዝካሩን በግ ማን ይገዛው ነበር? ዜናዋን የሰማሁ ቀን የሌላ አገር ሰው ቧንቧ እየለካሁ ነው የዋልኩት። ለማን አልቅሼ? አጠገቤ "ወይኔ" ብል የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

አሁን የት ናት? ነጥቧን ይላኩልኝ። ምሥራቁንና ሰሜኑን ለይተው ይጻፉልኝ።

ምህረቱ


ጥድ አፋፍ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምህረቱ

የትናንቱ የሚካኤል ንግሥ በረከት ይድረስህ። ታቦቱ ሲዞር ስምህን ጠርቻለሁ፤ ተናድጄብህም ቢሆን ጠርቻለሁ።

ከአባትህ ጎን የከለከላት ማን ነው አልክ። እኔ ነኝ። አባትህና እኔ ከአንድ የቅኔ ጉባኤ የወጣን፣ በአንድ ቀን የተሾምን፣ ዕድሜ ልካችንን አንድ ማኅሌት ላይ የቆምን ሰዎች ነበርን። እሱ ሲሞት ጎኑ ያለውን ቦታ "ይኼ የኔ ነው" ብዬ ድንጋይ አስቀመጥኩበት። እናትህ ያረፈች ቀን ሰዉ ወደዚያ ሊሄድ ሲል "ቦታው ጠቧል፣ በዚህ በኩል ይሁን" አልኩ። ጠቦ አልነበረም። ሰስቼ ነው። እሷ በሕይወት እያለች ከእኔ ጋር ለምንም ነገር ተጣልታ አታውቅም፤ ሞታም አልተጣላችኝም። ዝናቡ ነው የተጣላኝ።

አቡጀዲህን አልብሰን፣ በሰሌንህ ጠቅልለን፣ ካህናቱ ሁሉ ቆመው ፍትሐት ተደርጎላት እንደገና አስተኛናት። ድንጋዬን አነሣሁና እዚያ አስገባኋት። ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነው፤ በዚህ እንኳ አትከራከረኝም መቼም።

ነጥቧን ላክልኝ ብለሃል። ያን አሮጌ ወረቀትህን አውጣ። ራሱን እንዳንተ ልማድ ወደ ሰሜን አድርገህ ዘርጋው። ከዜሮ ወደ ግራ ዘጠኝ፣ ወደ ላይ አራት። መስቀሉን ያደረግክበት ላይ ናት። ስትጽፈው ልክ አልነበርክም፤ እኛ ነን ልክ ያደረግንህ።

እኔ የት እንደምቀበር አትጠይቀኝ፤ ግቢው ሰፊ ነው።

የተቆፈረውን መሠረት ደፍነነዋል። ወገኔ ሜዳው ላይ ልጀምር ይላል፤ አይሆንም ብያለሁ። ገንዘብ አትላክ። ቁጥርም አትላክ። ችካሉን አንተ ራስህ ካልተከልከው በዚህ ደብር ግቢ ከእንግዲህ አንድ ዶማ አይነሣም። ሰንበቴተኛውም ዝናብ ላይ ይቆማል፤ እናትህም ቆማ ነው የኖረችው።

ወልደኪዳን


ኪጋሊ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደኪዳን

ፈቃዴ ታድሷል። ለጥምቀት እደርሳለሁ። ሰናይት ደብረ ብርሃን ትቀበለኛለች፤ መንገዱ ከተዘጋም በእግሬ እመጣለሁ።

ታርቄዎት አይደለም የምመጣው። ስለ ድንጋይዎ የጻፉትን ሳነብ ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ ከዚያ ያለችበት የተጻፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ተውኩት። ፊት ለፊት የምልዎት አለኝ፤ እርስዎም የሚሉኝ ይኖርዎታል። አባቴን ሳንቀሰቅስ ከግቢው ውጭ እንባባላለን።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ስገባ ማንም ክንዴን ይዞ "እዚህ ናት" እንዳይለኝ። ደወሉ ሥር ቆሜ ራሴ እቆጥራለሁ፤ ዘጠኝ ወደ ምዕራብ፣ አራት ወደ ሰሜን። እርስዎ ከኋላዬ ይቁሙ። ስሳሳት ካዩኝ ግን እንደ አምናው ዝም እንዳይሉኝ።

ምህረቱ